ማሽኑ ለክቶ፣ እጅ መርቆ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ትተኛለች፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባጃጆቹ እንኳ ዛፍ ሥር ተሰልፈው ይቆማሉ። እኔ ግን እትዬ በምላቸው በአከራዬ ሳሎን፣ ለሙቀቱ ተብሎ በተዘጉት መስኮቶች ድንግዝግዝ ውስጥ ቆሜ ጠብታ እቆጥር ነበር።

ከፊቴ ያለው የመስታወት ገንዳ የሟች ባለቤታቸው ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል በባቡር ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ የባሕሩን አንድ ጥግ ይዘው የመጡ ያህል ገንዳውን ሳሎናቸው ውስጥ ተከሉት። ጨዋማ ውሃ፣ ሁለት ትናንሽ ዓሣዎችና ብዙ ኮራል አለበት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አጥንቱን የሚሠራው ውሃ ውስጥ ከሟሟ ካልሲየምና ሶዳ ስለሆነ፣ የወሰደውን ያህል በየቀኑ መተካት ያስፈልጋል። ሰውየው ይህን የሚያደርጉት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለኩ ነበር። ሲሞቱ ሲሪንጁ ለእትዬ ተረፈ።

ባለፈው ክረምት እትዬ ገንዳው ሥር የፈሰሰ ውሃ አዳልጧቸው ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራው ልጃቸው ይህን ሰምቶ ባለፈው እሑድ አንድ ማሽን ይዞ መጣ። ከሁለት ጠርሙስ፣ ከካልሲየሙና ከሶዳው፣ በቀጭን ቱቦ እየሳበ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ራሱ የሚጨምር ትንሽ ሳጥን ነው። ከመሄዱ በፊት እናቱን እንዲህ አላቸው፦ "በማሽኑ ከሠራ ገንዳው ይቀመጣል። ኮራሎቹ ከታመሙ ግን ስመጣ ጭኜው ነው የምሄደው፤ ጅቡቲ የሚረከበኝ ሰው አለ። ሁለተኛ በዚህ ውሃ እንድትወድቂ አልፈልግም።" እትዬ በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉት።

ማሽኑ በእኔ ኃላፊነት ሥር ሆነ። ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ፋብሪካ ውስጥ ውሃ የምመረምር የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ስለሆንኩ "እርስዎ" ማለት አልለቀቀኝም፤ እትዬ ደግሞ "አቦ አሮጊት አታድርጊኝ፣ ድሬ ነው ያለሽው" እያሉ ይቀልዱብኛል። በቀን ስድሳ ሚሊ ሊትር ሶዳ እንዲሰጥ አድርጌ ማሽኑን አስተካከልኩት። ረቡዕና ቅዳሜ ልለካ ቃል ገባሁ።

አለካኩ ቀላል ነው። ከገንዳው ትንሽ ውሃ በብልቃጥ ይቀዳል፤ መለኪያው ፈሳሽ ጠብ ሲልበት መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል። ወደ ቢጫ እስኪለወጥ ድረስ የገቡት ጠብታዎች ቁጥር የሶዳው መጠን ነው። ደህናው ስምንት ነው። ረቡዕ ዐሥር ቆጥሬ ነበር። መጠኑን ስወስን የተሳሳትኩ መሰለኝና አፈርኩ፤ ለማንም ሳልናገር ማሽኑን በአምስት ሚሊ ሊትር ቀነስኩት።

አሁን ስምንተኛው ጠብታ ወረደ። ሰማያዊ። ዘጠኝ፣ ዐሥር፤ ሰማያዊ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ቢጫ ሆነ። ብልቃጡን አጥቤ ደገምኩት። ዐሥራ ሦስት።

ቀና ብዬ አየሁ። ቀን ቀን ጣቶቹን ዘርግቶ ከውሃው ጋር የሚወዛወዘው ትልቁ ኮራል ተኮማትሮ ጡጫ አክሏል። ገንዳው ውስጥ ያለው የውሃ መግፊያ ሞተርም፣ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚተወው ያለ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብዬ የሶዳውን ጠርሙስ ስሞላው ካደረግኩበት ምልክት ጋር አስተያየሁት። የወሰደው ያዘዝኩትን ያህል ብቻ ነው፤ አንዲት ማንኪያ አላለፈም።

በዚህ መካከል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። እትዬ በሽቲያቸው፣ በስስ የቤት ቀሚሳቸው፣ ወጡ። ጥጉ ላይ መሆኔን አላዩም። ከሶፋው ትራስ ሥር ሲሪንጅ አወጡ፤ ከመደርደሪያው ሥር ካለው አሮጌ ጠርሙስ ሳቡና መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

"በሉ ጠጡ" አሉ ቀስ ብለው። "ማሽኑ ለክቶ ሰጣችሁ፣ እኔ ደግሞ ልመርቅላችሁ።"

ብናገር ላሳፍራቸው ነው፤ ዝም ብል ሶዳው ሊገባ ነው። ይህን ሳመነታ የመጀመሪያው ጠብታ ገባ፤ ውሃው ውስጥ እንደ ወተት ነጭ ደመና ሠራ።

"እትዬ፣ ይተዉት!"

ሲሪንጁ ከእጃቸው ወደቀ። "ኧረ አቦ! ጅን መሰልሽኝ እኮ! እዚያ ጥግ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየለካሁ ነበር። ዐሥራ ሦስት ሆኗል። ስምንት ነበር መሆን ያለበት።" ትንፋሽ ወሰድኩ። "በየቀኑ ነው የሚጨምሩት?"

"አንዲት ሲሪንጅ ናት፤ ሃያ ሚሊ። ሠላሳ ዓመት ቀፊራ ገበያ በርበሬ ሸጫለሁ፤ ለክቼ ብቻ ያሰናበትኩት ሰው የለም። ሚዛን ይመዝናል፣ እጅ ይመርቃል። ለነዚህ ልሰስት?"

"ምርቃቱ እነሱን ያቃጥላቸዋል።"

"ባለቤቴስ በእጁ አልነበር የሚሰጣቸው?"

"የሚሰጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን እርስዎና ማሽኑ ሁለት ሰጪ ሆናችሁ።"

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የተኮማተረውን ኮራል እያዩ "ይሞታሉ?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ማታ ልጄ ይደውላል።"

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ልጃቸው በቪዲዮ ይደውላል፤ መጀመሪያ የሚያየውም ገንዳውን ነው። አምስት ሰዓት ቀርቶናል ማለት ነው።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አምስት ሰዓት መች ያንስሻል?"

"በአንድ ጊዜ ባወርደው ድንጋጤው ራሱ ይገድላቸዋል።"

የሶዳውን ቱቦ ዘጋሁ። አንድ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ውስጥ የባሕር ጨው በጠበጥኩ። ከገንዳው በቀጭን ቱቦ እየቀነስኩ አዲሱን በኩባያ ጨመርኩ። ቱቦውን እትዬ ያዙልኝ፤ በዚያ ተሰብሮ በነበረው እጃቸው። ቀልድም ቁጣም አልነበራቸውም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠብታ ቆጠርኩ። ዐሥራ ሁለት። ትልቁ ኮራል እንደተኮማተረ ነው።

"መብራት ጠፍቷል በይው" አሉ። "ካላየ አይፈርድም።"

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መብራት ከጠፋ እኔም መናገር አይጠበቅብኝም። ስልኩ ሲጠራ እጄ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ነበር። እትዬ አነሱት፣ ሰላም አሉት፣ "ገንዳውን አሳዪኝ" ሲላቸው አዩኝ። ማብሪያ ማጥፊያውን ሳልነካው ስልኩን ተቀበልኩና ወደ መስታወቱ አዞርኩት።

"ምን ሆኖ ነው የተኮማተረው? ማሽኑ ተበላሸ?"

"አልተበላሸም።"

"እንግዲያ እማዬ በእጇ ጨምራለች። ልቤ ነግሮኝ ነበር! በቃ፣ ስመጣ ጭኜው እሄዳለሁ።"

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አዎ፣ ጨምረዋል" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆነብኝ። "ግን እኔ ረቡዕ ዐሥር ቆጥሬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ብናገር ያን ቀን እንደርስበት ነበር። ማሽኑ የሚሰጠውን እሳቸው አላዩትም፤ እሳቸው የሚሰጡትን ማሽኑ አያውቅም። ኮራሎቹ የሚያስፈልጋቸው በቀን ስድሳ ነው። ማሽኑ አርባ ይስጥ። ሃያው ለእትዬ ይተውላቸው፤ ምርቃቱ ከልኩ ውስጥ ይሁን።"

ስልኩ ላይ ፊቱ ተጠጋ።

"አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ?" አለ። ከዚያ ድምፁ ደረቀ። "የሚቀጥለው ቅዳሜ አየዋለሁ። ካልተከፈቱ ግን ያልኩት ያልኩት ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ "በዓመት ከአፍሽ ያልሰማሁትን በአንድ ስልክ ሰማሁ" ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። መናደዳቸው ይሁን መሳቃቸው ጀርባቸውን አይቼ ልለይ አልቻልኩም።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሄደው ሳሉ አንድ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ገባሁ። ዳር ላይ ያለው አንዱ ትንሽ ኮራል ቆዳው ተልጦ ነጭ ሆኗል፤ እሱ አይመለስም። ትልቁ ግን በአንድ በኩል ሁለት ሦስት ጣቶቹን አውጥቷል። ለካሁ፤ ደገምኩ። ማሽኑን አርባ ላይ አስተካከልኩት፣ የሶዳውን ቱቦ ግን ቁጥሩ ስምንት እስኪሆን ዘግቼ ተውኩት። እትዬ መልሰው የሸጎጡትን ሲሪንጅ ከትራሱ ሥር አውጥቼ አጠብኩትና በክር አሥሬ ከማሽኑ ጎን፣ ከበሩ በሚታይ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። አጠገቡ ወረቀት ለጥፌ የዕለቱን የጠብታ ቁጥር በትልቁ ጻፍኩ።

የግቢው በር ሲከፈት ወጣሁ። እትዬ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "ዐሥራ አንድ" አልኳቸው።