ስላምበር፣ በእኛ ቤት ሸለብታ

ልጄ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አንድ ቀን የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም፣ «እማዬ፣ ስላምበር የሚባል ቃል አለ፤ እንቅልፍ ማለት ነው» አለችኝ። ዛሬ በመጻሕፍት ሲያዩት ጥልቅና ሰላማዊ እንቅልፍ ይመስላል፤ መነሻው ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ያኔ ቀላል እንቅልፍ ማለት ነበር አለች። ጆሮው ያልተኛ ሰው እንቅልፍ።

«ሸለብታ ነዋ» አልኋት።

«እንዴት ቶሎ አገኘሽው?»

«አባትሽን ያተረፈ እሱ ነው።»

ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከማንኩሳ ወዲህ ነበር፤ ባለቤቴ ጫካ ገብተዋል። ነጮቹ ምሳ በልተው በጠራራ ፀሐይ ይተኛሉ። የቀን እንቅልፍ ለእኛ የበሽተኛ ነው፤ ለእነሱ ደንብ ነበር። ባለቤቴም ያችን ሰዓት ጠብቀው አልፎ አልፎ ይወርዱና፣ እህል ቀምሰው፣ ዝናራቸውን ሳይፈቱ መደብ ላይ ጋደም ይሉ ነበር።

የዚያን ጊዜ የማርያም ጽዋ እኛ ቤት ነበረ። ተረኛዋ የማኅበር እህቴ በበዓሉ ዕለት አሞኛል ብላ ስለ ቀረች፣ በሦስተኛው ቀን ልትወስደው መጣች። ስወልድ ወገቤን የያዘች ሴት ናት።

«ቤቶች!»

«ግቢ እቴ፤ ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊው።»

«ምነው፣ ደግሞ ወለድሽ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ተሳለመችውና፣ «አባወራሽስ? ከመጡ ቆዩ?» አለች።

በጽዋ ፊት ሐሰት አይነገርም። እናቴ እንዲህ አድርጋ አሳድጋኛለች፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«ከጓዳ ናቸው፤ አሁን ሸለብ አደረጋቸው» አልሁ።

«ይተኙ፣ ይተኙ። እመቤቴ ትጠብቃቸው።»

ጽዋውን አቅፋ ወጣች። ቤቷ በግራ ነው፤ እሷ ግን ወደ ቀኝ ታጠፈች። ጽዋ የያዘ ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ሌላ ዘንድ አይደርስም። ቅር አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ባንዶች በአጥሩ ዘለቁ። ከፊት የማኅበር እህቴ ባል ነበረ። ውሻው አንዴ ሲጮህ ባለቤቴ ቆመዋል፤ በጓሮ ወጥተው በቆሎው ውስጥ ገቡ። ባንዶቹ መደቡን ቢዳስሱት ገና ይሞቃል።

«የታለ?» አለ አለቃቸው።

«ሸለብ አድርጎታል ተብዬ ነበር እኮ» አለ ባሏ፣ በእኔው ቃል።

ቤቱን አቃጠሉት። ባለቤቴ ተረፉ፤ ክብር ለእመቤቴ ይሁን።

በወሩ ማኅበሩ እሷ ቤት ነበር። ሄድሁ። ቄሱ ከባረኩ በኋላ ጽዋውን በየተራ አዳረሰች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጽዋውን ዘረጋችልኝ።

«ጠጪ እንጂ፣ እቴ» አለች።

ዓይኗን አየኋት። እሷ መሬት መሬቱን አየች። ጽዋው የእመቤቴ ነው እንጂ የእሷ አይደለም፤ ጠጣሁ። ይቅር ማለት ግን አቃተኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ዛሬም እየሞከርሁ ነው።

ባለቤቴ በሌላ ጊዜ ወደ ተጠጋሁበት ቤት ሲወርዱ፣ «ማን ተናገረ?» አሉኝ። ጠመንጃው በእጃቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የተናገርሁት» አልኋቸው። ሐሰት አይደለም።

ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ለማን እንደ ተናገርሁ ግን አልጠየቁኝም፤ ስለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።