የአክስቴ ጅራፍና የሽብር ትርጓሜ

ስለ ሽብርተኝነት የሕግ ትርጓሜ አራት መቶ ገጽ ጽፌ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝቻለሁ። ጽሑፉን ያነበቡት አማካሪዬና ሁለት ፈታኞች ብቻ ናቸው፤ ከፈታኞቹም አንዱ ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከለቀቅሁ በኋላ ደባርቅ፣ ወላጆቼ ወደተዉልኝ ቤት ተመለስሁ። እስካሁን ዕውቀቴን የፈለገ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የፈለገው አክስቴን ለማሰር ነበር።

አክስቴ ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው። ማሳቸው የሊማሊሞን ዳገት ጨርሶ ወደ ደባርቅ ከሚገባው መንገድ በላይ ነው። ጥቅምት ሲጠባ ገብሱ ያሽታል፤ ገብሱ ሲያሽት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሊበሉት ከገደሉ ይወጣሉ። ጭላዳ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ስለሆነ አይገደልም፤ በጅራፍ ጩኸት ማባረር ግን አልተከለከለም። የአክስቴ ጅራፍ ሲጮህ ከጠመንጃ አይለይም። መንጋው ከበዛባቸው ደግሞ «ኡኡ» ይላሉ። በእኛ አካባቢ ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ፣ ዱላውን አንሥቶ ይደርሳል፤ ምክንያቱን የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ሰምቶ የቀረ በሽማግሌ ፊት ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚመርጠውም የጮኸው ሰው ነው።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አክስቴ ጅራፋቸውን ሦስት ጊዜ አጩኸው ኡኡ አሉ። ጎረቤቱ ዱላና መንሽ ይዞ መንገዱን ሲያቋርጥ ከአዲ አርቃይ የመጣ አውቶቡስ ደረሰ። ሹፌሩ ሦስት ጥይት እንደተተኮሰ አምኗል፤ አሁን ደግሞ መንሽ የያዘ ሕዝብ ወደ እሱ እየሮጠ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ከመሪው ሥር ተኛ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ወርደው ቦይ ውስጥ ገቡ። አንድ ነጋዴ የዶሮ ቅርጫቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ተገኘ፤ ዶሮዎቹን ለማውጣት ጊዜ አላገኘም ነበር። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ተዘጋ።

እኔ በቦታው አልነበርሁም። ኡኡታውን ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን የግርጌ ማስታወሻ እያረምሁ ነበር።

የቀበሌያችን የጸጥታ ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ዳባት ላይ ስለ ሽብር ሕግ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ተመልሷል። ያመጣው አንድ ፎቶ ኮፒና አንድ ባዶ ቅጽ ነው፤ ቅጹን የሚሞላበት ሰው ግን አጥቶ ሰንብቷል። አክስቴ የክርስትና እናቱ ናቸው። ይህ አላገደውም፤ እንዳሳፈረው ግን ያስታውቃል። ሕጉን እንዳብራራለት ጠርቶኝ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስደርስ መደገፊያ ያለውን ብቸኛ ወንበር ለተጠርጣሪዋ ሰጥቶ እሱ ቆሞ ይጽፍ ነበር። ቅጹ ከተሞላ እኩለ ቀን ላይ የሚመጣው መኪና ወደ ወረዳ እንደሚወስዳቸው በትሕትና ነገረኝ።

አክስቴን መኪናው አላስጨነቃቸውም። ያስጨነቃቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሊመሰክር ተከትሏቸው ስለመጣ ማሳው ጠባቂ ማጣቱ ነው። የዓመት እህላቸው በመስኮቱ ይታያል፤ ጭላዳዎቹም እንደዚሁ።

አጭር ማብራሪያ ሰጠሁ። ሽብር እንዲባል አድራጎትና ዓላማ መሟላት አለባቸው። አድራጎቱን አልካድሁም፤ ሕዝብ ደንግጧል፣ የሕዝብ አገልግሎት ተቋርጧል። ነገር ግን መንግሥትን የማስገደድ፣ ፖለቲካዊ ወይም ሃይማኖታዊ ግብ የማራመድ ዓላማ ከሌለ ወንጀሉ የለም። ሠራተኛው ፊቱ ፈካ፤ የቀረው «ዓላማ» የሚለው መስመር ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ዓላማዎ ምን ነበር ልበል?»

ጭላዳ ማባረር ነው እንዲሉ በዓይኔ ጠቀስኋቸው። አክስቴ ግን መዋሸት አይችሉም፤ ይህ የቤተሰባችን ነባር ጉድለት ነው።

«መንግሥት እንዲሰማ ነዋ» አሉ። «ሦስት ማመልከቻ ሰጥቼ ዝም አላችሁኝ። ጭላዳው የማን ነው? የመንግሥት አይደል? ይጠብቀዋ።»

«እንግዲህ ... ለማስገደድ ማለትዎ ነው?»

«አዎ፣ ላስገድደው ነው። ልመናውንማ አየሁት።»

ጻፈ። ከጥግ የተቀመጡት፣ የሰፈሩ ሽማግሌም የሆኑት ቄስ፣ ሃይማኖት የለበትም ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሊረዷቸው ፈልገው ይመስለኛል። አክስቴ ጥቂት አስበው የኅዳር ሚካኤል ዝክር ጠላ ከዚሁ ገብስ እንደሚጠመቅ፣ ስለት እንዳለባቸው ተናገሩ። ሠራተኛው «ሃይማኖታዊ» የሚለው ሳጥን ላይም ምልክት አደረገ። አራት መቶ ገጽ ሙሉ እንዲጠብ የተከራከርሁለት ትርጓሜ ለአክስቴ በልካቸው ሆነ።

ሕጉ አቤቱታንና ተቃውሞን ከሽብር እንደሚለይ አስታወስሁት።

«የእኔ ፎቶ ኮፒ ሁለተኛ ገጽ የለውም፣ ዶክተር» አለኝ።

በመስኮቱ በኩል የማሳው የላይኛው ጥግ ሲነቃነቅ ታየ። አክስቴ ከወንበራቸው ተነሡ። ቄሱ ያን ጊዜ ወደ ሠራተኛው ዞሩ።

«ልጄ፣ ጠዋት ኡኡታውን ሰምተኸዋል?»

ሰምቷል። ቅጹን እያጠና ነበር።

«ደረስህ?»

ቅጹን ከጀርባው ደበቀ። ቄሱም ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንቺስ?»

የቤተሰባችንን ጉድለት አስቀድሜ ጠቅሻለሁ።

ቄሱ ፍርዱን አላስረዘሙም፦ ከጮኸው ይልቅ የሚጠየቀው የቀረው ነው፤ ይህ ጉዳይ ከቅጹ ስለሚቀድም ቀድሞ ይፈጸማል። አክስቴ ቅጣቱን ለመምረጥ አልዘገዩም። ሁለታችን እስከ አጨዳ ማሳውን እንጠብቃለን፤ ከአሁን ጀምሮ። ሠራተኛው መኪናው ሊመጣ እንደሆነ አሳሰበ።

«ይምጣ» አሉት። «እኔም አንተም ማሳ ላይ ነን። ቅጽህን ይዘህ ና፣ ሲቀዘቅዝህ ትቀመጥበታለህ።»

መኪናው መጥቶ ጽሕፈት ቤቱን ዝግ አግኝቶ ሄደ።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ማማ ላይ ጅራፍ ሳጮህ ሰነበትሁ። ጅራፌ እንደ አክስቴ አይጮህም፤ የአዲ አርቃዩ አውቶቡስ ሹፌር ብቻ ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። በመጨረሻው ቀን ሠራተኛው ሁለተኛው ገጽ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። በሕይወቴ ስለ ጥናቴ ከልቡ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከሥሩ ጀምሬ በሥርዓት አስረዳሁት፤ አቤቱታ ሽብር እንዳልሆነ ሲሰማ ቅጹን አውጥቶ ቀደደው። ልዩ ሁኔታዎቹን ዘርዝሬ ስጨርስ አሥራ ሁለት ጭላዳዎች ከጀርባችን ገብተው ነበር።

አክስቴ ከታች ሆነው አዩን። አጨዳውን በሦስት ቀን አራዘሙት።