የመታጠቢያ ቤቱ ቅጠል

ገበየሁ ሲ.ኤም.ሲ አስፋልት ዳር የአበባ ችግኝ ሲሸጥ ነው ጠጉሩ የሸበተው። አማቱ እትዬ የማርያምወርቅ ከእንጦጦ በወረዱ ቁጥር፣ «ዛሬም የማይበላ ቅጠል ነው የምትሸጠው?» ይሉታል። ሌላው ሰው ቢንቀው ግድ የለውም። እኚህ ሴትዮ ግን አንድ ቀን እንዲያመሰግኑት እንደ ሕፃን ይመኛል።

ታዲያ አንዲት ወደ እስያ የምትመለስ ደንበኛው ፈርን የሚባል ቅጠል የተተከለበት ቫዞ ትታለት ሄደች። ጫፉ ተጠቅልሎ ብቅ ሲል ይቀጠፍና እንደ ጎመን ይበላል አለችው። ቀቅሎ ቢቀምሰው እውነቷን ነው። የእትዬ የማርያምወርቅ ቤት ስለሚጠብ የማኅበር ተራቸው ሲደርስ ድግሱ የሚሰናዳው እሱ ቤት ነበርና፣ «በቃ፣ በዚህ ወጥ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ» አለ።

ችግሩ፣ ፈርኑ የሞቃት አገር፣ የወንዝ ዳር ልጅ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ሲነካው ኩምትር አለ። ጋቢ ቢደርብለትም አልሆነም። በመጨረሻ መታጠቢያ ቤት አስገባውና፣ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ በሙቅ ውሃ ብቻ እንዲታጠብ አዋጅ አወጣ። እንፋሎቱ እንዳይቋረጥ ጎረቤት ሳይቀር «እባካችሁ መጥታችሁ ታጠቡ» እያለ ይለምን ጀመር። ጎረቤቱ ሚልኬሳማ «ሸትቻለሁ ማለት ነው?» ብሎ ተቀየመው። ሚስቱ መቅደላዊት ልታብድ ደረሰች። ፈርኑ ግን ግድግዳውን ሞላው።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ገበየሁ ድስቱን አሰናድቶ ሽንኩርት ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ሳሎኑ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው። እትዬ የማርያምወርቅ ማልደው መጥተው ወለሉ ባዶ መሆኑን ቢያዩ፣ ለጉዝጓዝ የበቀለ መስሏቸው ፈርኑን ከሥሩ አጭደው በትነውታል። ማኅበርተኛውም እሱን እየረገጠ ገብቶ ተቀምጧል።

ገበየሁ የሽንኩርቱን ፌስታል እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ቄጠማ ረሳ ብዬ ልቆጣህ ነበር» አሉት። «ለካ ቤት ውስጥ አብቅለህልኛል። ጎሽ የኔ ልጅ! እንዲህ ያለ አማች ማን አለው?»

ማኅበርተኛው በሙሉ እውነት ነው አለ።

ገበየሁ የሚበላ እኮ ነው ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወጡ አንጀቱን በላው፤ ምስጋናው ግን ከወጡ በለጠበት። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«ምነው፣ ታለቅሳለህ እንዴ?»

«ሽንኩርቱ ነው፣ እትዬ» አላቸው።

ሽንኩርቱ ገና ከነልጣጩ ፌስታል ውስጥ ነበር።