እትዬ ሸዋረገጥ የሚስቷት አንዷ ነገር

በጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእድሩ ጸሐፊ በር ነው፤ ቀጥሎ የእትዬ ሸዋረገጥ። ሦስተኛው የኔ ነበር። የኔን የሚያንኳኩት ግን ሐዘንተኞቹ ሳይሆኑ ራሳቸው እትዬ ሸዋረገጥ ነበሩ።

መጥተው በረንዳዬ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፉና መጠየቅ ይጀምራሉ። ሟቹ በር ሲያንኳኳ በጣቱ ነው በመዳፉ? ሲስቅ አፉን ይሸፍናል? ሰው ሲጠራው ወዲያው ይዞራል ወይስ ትንሽ ይቆያል? እኔ ሰው መሐል ብዙም አልናገርም፤ ጥግ ይዤ ማየት ግን እወዳለሁ፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ፊደል ስላልቆጠሩ አይጽፉትም። ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዳንዴም እዚያው ዱካው ላይ እንዳሉ ትከሻቸውን ሟቹ እንደሚያደርገው አድርገው ይሞክሩታል።

እትዬ ሸዋረገጥ እንደሌሎቹ ሙሾ አውራጆች ግጥም አይገጥሙም። እኔ ቤት መምታት አይሆንልኝም ይላሉ። የሟቹን ልብስ ወይም ባርኔጣ ይይዙና ራሳቸው ሟቹን ሆነው ይገባሉ። እንደሱ ይራመዳሉ፤ እንደሱ ይናገራሉ፤ ቤቱን ይዞራሉ፤ ሚስቱን ይቆጣሉ፤ ልጆቹን በቁልምጫ ስማቸው ይጠራሉ። ሲጨርሱ ልብሱን አጣጥፈው ለቤቱ ሰው ይሰጣሉ። ከዚያ እጃቸውን ይታጠቡና የቀረበላቸውን በልተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ጅማ የመጡት በልጅነታቸው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ባል አግብተው ከደብረ ብርሃን በኩል ነው። ባላቸው ቶሎ ሞቱ፤ ልጅም አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜያቸውን ሄርማታ ገበያ አጠገብ ካለ የቡና መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ኖሩ። አርባ ሴቶች ወለሉ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው ቡናው ይፈሳል፤ የተሰበረውን፣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን ፍሬ እየለዩ ይጥላሉ። እትዬ ሸዋረገጥ እዚያ የታወቁት በሙሾ ሳይሆን በማሳቅ ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ሸኩር ቁልፉን እያሽከረከረ ሲገባ ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሱ ሲወጣ እትዬ ሸዋረገጥ ተነሥተው ሸኩርን ይሆናሉ። አንድ ቀን ሸኩር ሳይታሰብ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና፣ ሆዴ እንደዚያ ይገፋል እንዴ ብሎ ራሱም ሳቀ ይባላል።

ከለቃሚዎቹ አንዷ ወርቂቱ የሞተች ጊዜ ነው ነገሩ የተለወጠው። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደርቀው ተቀምጠው ሳለ እትዬ ሸዋረገጥ ሳያስቡት አንድ ሰፌድ አንሥተው እንደ ወርቂቱ መልቀም ጀመሩ። ትናንት በዚያው ጨዋታ ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ሸዋረገጥ በሕይወት ያለ ሰው አስመስለው አያውቁም።

ሰው ግን ይፈራቸው ነበር። መንገድ ላይ ትኩር ብለው ካዩት፣ «እትዬ ሸዋረገጥ፣ ምን ያዩኛል፣ ገና አልሞትኩም» የሚል አይጠፋም። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ተክለጻድቅ ነገሩን አይወዱትም ነበር። ቴአትር ለማየት አዳራሽ አለ፣ ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ነው ይላሉ። እሳቸው ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ፤ በእትዬ ሸዋረገጥ ደጅ ሲያልፉ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ነው የሚያልፉት። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ ማንም አንሥቶባቸው አያውቅም።

አሁን ልነግራችሁ ያሰብኩት በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ቡና ዋጋ ባጣበት ክረምት የሆነውን ነው።

ከአጥሬ ማዶ የሚኖረው መሳይ በአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከጌራና ከአጋሮ ቡና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አንድ ሐሙስ ከአጋሮ ሲመለስ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ተደግፎ እንደተኛ አገኙት። ልቡ ነው አሉ። አስከሬኑን፣ ካኪ ጃኬቱንና ጫማውን አመጡ። እኔ ለሰው መላላክ እንጂ ማጽናናት ስለማልችልበት ወደ መሳይ ቤት ጓዳ ገባሁ። እዚያ ጫማውን ጭቃ እንደያዘ ሳገኘው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ቀለምም ቀባሁት፤ ከዚያም በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ሚስቱ ሙሉእመቤት መርዶውን ስትሰማ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «እሺ» ብላ ማጣጠፏን ቀጠለች። በቀብሩ ዕለት አላለቀሰችም። በማግስቱም እንዲሁ። ምግብ ሲያቀርቡላት ታመሰግናለች፤ ሳህኑን ግን አትነካም። ማታ ጋደም በይ ሲሏት ትጋደማለች፤ ዓይኗን ግን አትከድንም። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። አንዳንዶቹ ድሮም አትወደውም ነበር አሉ። እኔ ግን አጥሩ ስስ ስለሆነ ብዙ ነገር እሰማ ነበርና ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጇ ናዝራዊት እትዬ ሸዋረገጥ ቤት ሄደች። ናዝራዊት የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ሙሾ ኋላ ቀርነት ነው ስትል እኔም ሰምቻታለሁ። የዚያን ቀን ግን በራቸው ላይ ቆማ እንዲህ አለቻቸው፦

«እማዬ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ዛሬ ሠልስት ነው፤ ነገ ድንኳኑ ይነሣል፤ ሰውም ይበተናል። እኔና እሷ ብቻችንን እንቀራለን። እንደዚህ ሆና ከቀረች አልመልሳትም፣ እትዬ።»

እትዬ ሸዋረገጥ ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ። መሳይ ቤቱ ሲገባ ምን ያደርግ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ካለው ኩርባ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ ያሰማል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ መጀመሪያ የግራ ጫማውን ያወልቅና ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስቴ ይመታዋል። ከዚያ በሩ ላይ እንዳለ «ዘነበ?» ይላል። መንገድ ላይ ከርሞ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚጠይቃት እሱን ብቻ ነው። ሙሉእመቤት ከውስጥ ሆና «ጫማህ አይነግርህም?» ትለዋለች። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ጨዋታው ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልገባኝም።

እትዬ ሸዋረገጥ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። «ዘነበ?» አሉ ለራሳቸው በመሳይ ድምፅ። ከዚያም ደግመው ጠየቁኝ፦

«ምግብስ? አይጠይቅም?»

«በጭራሽ» አልኳቸው። «ሁሌ እሷ ናት ‹ና፣ እራት ብላ› የምትለው።»

ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ሳለ እትዬ ሸዋረገጥ ተነሡ። አቶ ተክለጻድቅ ጠጋ ብለው፣ እባክዎ ዛሬ ያሳጥሩት አሏቸው። ጎረቤታችን ባህሪያ ከማጀት ወጥታ ከኋላዬ ቆመች። ባህሪያ ይህን ልማድ ፈጽሞ አትለምደውም፤ ግን አንድም ቀን አልቀረችም። «ወላሂ እኛ ዘንድ ለሟች ዱዓ ነው የሚደረገው» አለችኝ በጆሮዬ፣ «እናንተ ግን መልሳችሁ ታመጡታላችሁ።»

እትዬ ሸዋረገጥ የመሳይን ካኪ ጃኬት ለብሰው ነበር። እጅጌው እጃቸውን ውጦታል። ጫማውን በእጃቸው ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። ከውጭ ሁለት ጊዜ ክላክስ አሰሙ፤ በአፋቸው ነው፤ ግን ድምፁ ያው የኤንትሬው ነበር። ማዶ የተቀመጡ ሾፌሮች ወደ መንገዱ ዞር አሉ። ከዚያ የድንኳኑ በር ላይ ካለው ድንጋይ አጠገብ ቁጭ ብለው ጫማ እንደሚያወልቅ ሰው አደረጉ፤ የግራውን አስቀድመው። ድንጋዩ ላይ መቱት። ሙሉእመቤት መሬት መሬት እያየች ነበር፤ ጫማው ድንጋዩን ሲመታ ዓይኗን አነሣች።

እትዬ ሸዋረገጥ ገቡና ፊት ለፊቷ ቆሙ። በመሳይ ድምፅ፣ ትከሻቸውን እንደሱ ዝቅ አድርገው፣ «እራት ደረሰ?» አሉ።

እኔ ደነገጥኩ። ምን ነካቸው? ተሳስቼ ነው የነገርኳቸው? አለባበሱ ልክ ነው፣ ክላክሱ ልክ ነው፣ ዋናውን እንዴት ይረሱታል?

«እራቱ አልደረሰም ወይ?» አሉ ደግመው፣ አሁን ቆጣ ብለው።

«እንደዚያ አይልም» አለች ሙሉእመቤት።

ድምፅዋ ዝጎ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ከአመሰግናለሁ ሌላ ቃል ስትናገር ገና መስማታችን ነው።

«ተርቤያለሁ እኮ፣ ሴትዮ» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ።

«አይልም አልኩ እኮ!» ተነሥታ ቆመች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እራት ብሎኝ አያውቅም። ሰው ፊት ባሌን ሆዳም አታድርጉብኝ።»

«ታዲያ ምን ነበር የምለው?»

ድንኳኑ ላይ የሚወርደው ካፊያ ይሰማል። ሙሉእመቤት ቀስ ብላ፣ «ዘነበ ነው የምትለው» አለች።

«የሚለው» አላለችም። ባህሪያ ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ።

እትዬ ሸዋረገጥ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። «ዘነበ?» አሉ።

«ጫማህ አይነግርህም?» አለች ሙሉእመቤት፤ እጇንም ዘረጋች። እትዬ ሸዋረገጥ ጫማውን ሰጧት። ገለበጠችው። ሶሉን አየችው፤ ጎኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ነበር።

«ጭቃው የታለ?» አለች። «ማነው የጠረገው? የመጣበት ጭቃ እኮ ነው፤ ማነው የጠረገብኝ?»

ከዚያ ጫማውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቁጭ አለችና ለሦስት ቀን ያጠራቀመችውን ሁሉ አለቀሰችው። ናዝራዊት ሮጣ አቀፈቻት። አቶ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ሲጠርጉ አየሁ። እኔ ነኝ የጠረግሁት ልል ብዬ ወደ ባህሪያ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

አመሻሽ ላይ ሙሉእመቤት ከባህሪያ እጅ ሁለት ጉርሻ በላች። ሦስተኛውን ራሷ ቆርሳ ጎረሰች። እየበላች ስለ መሳይ ታወራ ነበር። አዲስ ሙሽሮች ሆነው ጅሬን ላይ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር እሱ ከመንገድ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሞ «ዘነበ?» ይል ጀመር፤ ዝናብ ከዘነበ የሚተኙበት ደረቅ ቦታ የትኛው ማዕዘን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ጣሪያ የማያፈስ ቤት ከገቡም በኋላ ጥያቄው ቀረ እንጂ አልተወውም አለችና፣ ንግግሯ ተምታቶባት ራሷ ሳቀች። ናዝራዊት ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። እኔም ለዓመታት በአጥር ስሰማው የኖርኩት ነገር ትርጉሙ የዚያን ቀን ተገለጠልኝ።

ከእትዬ ሸዋረገጥ ጋር አብረን ወጣን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ቀሚሳችንን ሰብስበን ዳር ዳሩን ሄድን። ብዙ ካመነታሁ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እኔ የነገርኩዎት ዘነበ ይላል ብዬ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ እራቱን ከየት አመጡት?»

ኩሬ ላይ ደርሰን ነበር። እጄን ይዘው ተሻገሩ፤ ማዶ ሲደርሱ ጫማቸውን ሣሩ ላይ እያሹ፣ «እራት የማይጠይቅ ባል አለ ብል ማን ያምነኛል፣ እህት ዓለም?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወሩ።

በዚያ ሳምንት አልጋዬ ላይ ሆኜ ያለፉትን ለቅሶዎች አንድ በአንድ አስታወስኩ። ለወርቂቱ ሰፌዱን ሲይዙ በቀኝ እጃቸው ነበር የለቀሙት፤ እህቷ ናት «ግራኝ ናት እኮ» ብላ ሰፌዱን የነጠቀቻቸው። ባለ ወፍጮው ደሬሳ ሲሞት እሱን ሆነው ጮክ ብለው ሳቁ፤ ወንድሙ ከጥግ ተነሥቶ ደሬሳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚስቀው ብሎ ራሱ ስቆ አሳየ፤ እየሳቀም አለቀሰ። ከወርቂቱ በኋላ ባሉት ለቅሶዎች ሁሉ በልቤ እቀየማቸው ነበር፤ ያን ያህል ተጠንቅቄ ነግሬያቸው ልብ ብለው አይሰሙኝም ብዬ።

በጥቅምት ሽማግሌው ፈየራ ሞቱ። እትዬ ሸዋረገጥ መጡ፤ ዱካዋ ላይ ተቀመጡ፤ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲነሡ፣ «የትኛዋን ነው የሚስቷት?» አልኳቸው። «አውቄ የምስት ይመስልሻል?» አሉና ጃንጥላቸውን አነሡ።

ለቅሶው ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ተከታተልኳቸው። አነጋገሩ ልክ፣ ከዘራውን የሚያስደግፉበት ልክ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ የሚያደርጉበት ልክ። እስከ መጨረሻው አንዲት ነገር አልሳቱም። ግራ ገባኝ። ያሰብኩት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው አልኩ። ኋላ ቀና ብዬ ዙሪያዬን ሳይ የፈየራ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ገና እትዬ ሸዋረገጥ ከመግባታቸው በፊት ጀምረው፣ ሁሉም ያለቅሱ ነበር።

ስንመለስ ይህን ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ዞር ስል ግን ከኋላዬ ሆነው አረማመዴን እያዩ ነበር። ጥያቄዬን ትቼ ቀጥ ብዬ መሄድ ጀመርኩ።