የእትዬ ለተብርሃን አፍንጫ

ዛሬ ጠዋት ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ጥግ የተረሳ የካካዎ ጣሳ አገኘሁ። ልጄ ቀኑን አንብባ «ማም፣ ኤክስፓየር አድርጓል፣ ጣይው» አለችኝ፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ ማንኪያ በጨርቅ አድርቄ፣ ዱቄቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ፣ አፍንጫዬን ጣሳው ውስጥ ከተትኩ። ይህን ያስተማሩኝ እትዬ ለተብርሃን ናቸው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ በስደት አገር፣ ሮዝቪል በምትባል ከተማ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩ ኤርትራዊት ነበሩ። የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ የተጠራጠረውን ቅቤና በርበሬ ተሸክሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ይወርዳል፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው (ለማሽተት መነጽር ለምን እንደሚወልቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም) አንዴ ሳብ አድርገው ይፈርዳሉ። እናቴ ካካዎን እንደ በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ በማስቀመጧ ያልተቆጧት ቀን የለም፤ ሲገባ ሲወጣ ያልበዋል፣ የጎረቤቱንም ሽታ ይጠጣል፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ከምድጃ የራቀ ደረቅ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ ይሉ ነበር። ቢጓጉል ግድ የለም፣ በጣት ይፈርሳል፤ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ካመጣ ግን ወደ ቆሻሻ ነው።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዊንተር፣ ከስኩል ባስ ወርጄ ጣቶቼ ደንዝዘው ቤታቸው ስገባ፣ እንደ ወትሮው ካካዎ በወተት አፍልተው ሰጡኝ። ኩባያውን ሳነሳ ሻጋታ ሸተተኝ። ጣሳውን አቀረብኩላቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቡና «ምንም አልሆነም» አሉ። ነጩን ሻጋታ በጣቴ ሳሳያቸው ጣሳውን ከድነው፣ በትግርኛቸው «ልጄ» ብለው ጀመሩ።

«ጓለይ፣ ባለፈው ከያዘኝ ከባድ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ወንድ ልጄ ከሰማ አፓርትመንቱን ካንስል አድርጎ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ፣ ወደ ኢገን ይወስደኛል። እዚያ ድራይቭ የማያደርግ ሰው እስረኛ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው እቀመጥና ዕቃውን ሳቀብላቸው ሰርቄ አሸታለሁ፤ የተበላሸ ከሆነ ጉልበታቸውን ነካ አደርጋለሁ። ፍርዳቸው እንደ በፊቱ አንድም ሳይሳሳት ቀጠለ፣ እኔም በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮሪደሩ በጭስ ታፍኖ አገኘሁት። በራቸውን ከፍቼ ስገባ ድስቱ ከስሏል፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው በሰላም ሹራብ ይሠራሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ፣ ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር እንዳይጮህ፣ እንደ ሁላችንም ነቅለውታል። ምድጃውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ከዚያ ግን ፈራሁ። ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴም ለልጃቸው ደወለች።

ቅዳሜ መጥቶ ወሰዳቸው። ማን እንደተናገረ ያውቁ ነበር፣ ግን አልተቆጡኝም፤ ያልተከፈተ የካካዎ ጣሳ አስይዘውኝ «ማንኪያው ደረቅ ይሁን» አሉኝ። መጥቼ አይዎታለሁ ብያቸው ነበር። ያኔ በመኪና የሚያደርሰኝ አባቴ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፣ ኢገንም ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ሞታቸውን ከሰው ሰማሁ። መናገሬ ትክክል እንደነበር አውቃለሁ፤ አለመሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ።

የዛሬው ካካዎ ሽታው ደከም አለ እንጂ አልተበላሸም። ክዳኑን አጥብቄ መለስኩትና ወደ ሥራ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቴ ኢገን ነው፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ አይሞላም።