ሐይቅ ለማየት ነው የመጣሁት

ከቢሾፍቱ የወጣሁ ዕለት ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችን ገብቶ ነበር። እናቴ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየዘጋች «ካናዳ ሽሮ የለም አሉ» ትላለች። ቶሮንቶ ደርሼ ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ላይ ሽሮው በየሱቁ ተደርድሮ ሳይ፣ የተሸከምኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬን «ማሞቂያው አይሠራም» ብለው «ይሠራል፤ አንቺ ሙቀት ለምደሽ ነው» አለኝ። ቢሾፍቱ በክረምት ጋቢ ደርበን እንደምናመሽ ማን ይንገረው?

ዜግነት አግኝቼ ፓስፖርቱ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የሄድኩት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አይስላንድ ነው። እረፍቴ አጭር ስለነበር አገር ቤት አያደርስም። ሐሳቡን ያመጣችው የአጎቴ ልጅ ሳራ ናት። እዚሁ ካናዳ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከእንግሊዝኛ ጋር የተቀላቀለ ነው። ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች ስነግራት ስልኳን አውጥታ «ሉክ፣ ልክ እንዳንቺ አገር» ብላ የአይስላንድን ሐይቆች አሳየችኝ።

እዚያ ስንደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ሐይቅ ለማየት።»

«ካናዳ ሐይቅ አለቀ?»

«ሞልቷል። እኔ ግን ያደግኩት እሳተ ገሞራ በቆፈረው ሐይቅ ዳር ነው፤ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲያው አገርሽ ገባሽ» አለና ማኅተሙን መታልኝ።

ሳራ ትነዳለች፣ እኔ በየመታጠፊያው «አቁሚልኝ» እላለሁ። አንዱ ሐይቅ ቀይ ገደል ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ አፋፉ ላይ ቆሜ የሰፈሬ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ሌላው ላይ ከበረዶ ተራራው የተገመሱ፣ ቤት የሚያህሉ ሰማያዊ የበረዶ ቋጥኞች ይንሳፈፋሉ። አንዱ ድንገት ሲገለበጥ ሳራ «ኦ ማይ ጋድ» ስትል እኔ «በስመ አብ» አልኩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣን። እዚያ የሐይቁ ዳር መሬት ይጨሳል፣ አየሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ አጠገቡ ሰው የሚዋኝበት ሙቅ ውሃ አለ።

ሳራ ዘላ ገባች። እኔ ዳር ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ባቦጋያ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ እናታችን እግራችንን እንኳ እንድንነክር ፈቅዳ አታውቅም።

ሳራ ይህን ታውቃለች። ተመልሳ እጇን ዘረጋችልኝ። «እግርሽ መሬት ይነካል። አይ ፕሮሚስ።»

ገባሁ። ፊቴን ነፋሱ ይገርፈዋል፣ ገላዬ ግን ሞቆታል። ሳራ ጀርባዬን ደግፋኝ እግሬ መሬት ለቀቀ፤ ተንሳፈፍኩ። እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ሳቄ ሲያበቃ እንባዬ እየወረደ ነበር።

ከሆቴል እናቴ ጋ ኮል አደረግሁ። ውሃ ውስጥ መግባቴን ልደብቃት አስቤ ነበር፤ አላስችል ብሎኝ ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እማዬ?»

«አለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው?»

«የለም፣ ሙቅ ነው።»

«እሰይ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱን ሲያወጡት ገላው በረዶ ነበር» አለችኝ።

ስለ ወንድሜ አሟሟት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ምነው አጠገቧ በሆንኩ አልኩ በልቤ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ «ንገሪኝ፣ እማዬ» አልኳት።