ሦስተኛውን መስመር ያጠፋሁት እኔ ነኝ

የወሰዱኝ ጠዋት፣ ፈረቃዬን ሳስረክብ ነው። ሰበታ አጠገብ ባለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መቆጣጠሪያ ክፍል ገብተው ስሜን ጠሩ። «ተረካቢዬ እስኪፈርም ጠብቁኝ» አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። ተረካቢዬ ፈረመ። ነጠላዬን አነሳሁና ወጣሁ።

ያቆዩኝ ቡራዩ ውስጥ፣ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ግድግዳውን የነካ ሰው እጁ ይነጣል። አምስት ሴቶች ነበሩበት። በዕድሜ ትልቋ የሱሉልታ ገበሬ ናቸው፤ ያሰሩን ሰዎች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው አመጧቸው። ሁላችንም በኦሮምኛ «አዴ»፣ እናት፣ እንላቸው ነበር። የጋቢያቸውን ግማሽ አንጥፈው አስቀመጡኝና፦

«ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ።

«መብራት፣ አዴ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግን እውነቴን ነበር።

ከጣቢያችን ሁለት ትራንስፎርመሮች አንዱ ከተበላሸ ወራት አልፎታል። ሌላው ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። ከመያዜ በፊት በነበረው ምሽት ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲያበራ የትራንስፎርመሩ ሙቀት ከልኩ አለፈ። እንዲህ ሲሆን ከሦስቱ መስመሮች አንዱን ማጥፋት ግድ ነው፤ አለዚያ ትራንስፎርመሩ ይቃጠልና ሁሉም ለሳምንታት ይጨልማል። አንደኛው መስመር ላይ ሆስፒታል አለ። ሁለተኛው ላይ የውሃ ፓምፕ። ሦስተኛውን አጠፋሁ። እዚያ መስመር ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ባለሥልጣን ንግግር ሲያደርጉ ድምፅ ማጉያው አብሮ መጥፋቱን የሰማሁት ከታሰርኩ በኋላ ነው።

ይህን ለአዴ ስነግራቸው፣ «የቀረሽ በሬ አንድ ከሆነ ሸክሙን ትቀንሻለሽ እንጂ በሬውን አትገይም» አሉ። ቀጥለውም «ዱጋ ኬቲ» አሉኝ፤ እውነትሽን ነው ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የፈረቃ መዝገባችን ተዘርግቶ የራሴን ጽሕፈት አየሁ።

«እህቴ፣ የምንፈልገው አንቺን አይደለም» አለ። «አለቃዬ ደውሎ አዘዘኝ ብለሽ አስተካክይውና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

አለቃዬ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ የተበላሸው ሳይጠገን አዲስ ፋብሪካ በዚህ ጣቢያ ላይ አይቀጠልም ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ «ፀረ ልማት» የሚል ስም ወጥቶለታል።

«አልደወለልኝም» አልኩ።

«ልጆች አሉሽ አይደል?»

«ሁለት።»

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው።  ትንሿ ልጄ ሳል ይዟት ነበር፤ ትቻት የመጣሁት ከነሳሏ ነው። እስክሪብቶውን አነሳሁ።

«መዝገብ አይፋቅም» አልኩት። «የሚጨመር ነገር ካለ ከታች ይጻፋል፣ ይፈረማል።»

«እንደ አሠራራችሁ አድርጊው» አለ፣ ደስ ብሎት።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከላይ የጻፍኩት ትክክል ነው። ሦስተኛውን መስመር ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያዘዘኝ ሰው የለም። እንድለውጠው ዛሬ ተጠይቄ አልለወጥኩም።» ፈረምኩ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

ሳያስበው ሰዓቱን አየና «አራት ከሩብ» አለ። እሱንም ጻፍኩ።

አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። ገጹን ሊቀድደው ያዘና ተወው፤ ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ የጎደለ ገጽ ራሱ ይናገራል። «ውሰዷት!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አቆዩኝ። ከቤት የሚመጣልኝን ስንቅ ከለከሉኝ፤ አዴ ከራሳቸው ቆርሰው አበሉኝ። በመጨረሻ ያለ ክስ ለቀቁኝ። አለቃዬን ከቦታው አነሱት፣ ሊያስሩት ግን አልቻሉም። አዴም ከእኔ በኋላ ተፈተዋል፤ ሱሉልታ ድረስ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። እኔን ወደ ጣቢያው አልመለሱኝም። አሁን ሥራዬ መስኮት ላይ ተቀምጦ የደንበኞች አቤቱታ መቀበል ነው።

ዛሬም የምኖረው ሰበታ ነው። መብራት ሲሄድ ጎረቤቶቼ ደጅ ወጥተው ይራገማሉ፤ እኔንም «ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ። ብቻ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አስባለሁ። የሙቀቱን ልክ አይቶ ራሱ ወስኖ ከሆነ ያጠፋው፣ ሻማዬን ለኩሼ እጠብቃለሁ። እንዲህ ያለው ጨለማ አይከብደኝም።